ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የማይዋጥ ክኒን

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ሌሊቱን አልጋው እስኪነቃነቅ ተንዘፍዝፎ አደረ፤ ጠዋት ተነስቶ ደግሞ የብየዳ መነጽሩን ይፈልጋል። ሥራ ሊሄድ ነው። መነጽሩን ድስት ውስጥ ደብቄበታለሁ። ባሌን ጌታሁንን ቤት ለማዋል ሌላ መንገድ የለም። ብትለምነው ግግም ይላል፣ ብትቆጣው ይስቃል።

ሲስል ሰንብቷል። ዛሬ ግን የቀኝ ጎኑን በመዳፉ ደግፎ ነው የሚስለው። ትንፋሹም አጥሯል፤ ከመጸዳጃ ቤት ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ሩቅ አገር የሄደ ይመስላል። ሰፈራችን ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ በጦርነቱ በሩ ያልተሰበረ ቤት የለም፤ የተሰበረ በር ሁሉ ደግሞ ጌታሁንን ነው የሚጠብቀው። ሲበይድ ይውላል፣ ያንን ጭስ ሲውጥ ይውላል። በዚያ ላይ ጾሙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም።

ሰይደሊያ ሄድኩ። እዚህ ሃያ ዓመት ስኖር መድኃኒት ቤት ማለቱ ከአፌ ጠፍቷል። ሰውየው አዲስ ነው፤ የድሮው ባለቤት ግብፅ ገብቷል አሉ። ግማሹ መደርደሪያ ባዶ ነው፣ ግማሹ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ነገርኩት፦ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጎን ውጋት፣ ዝገት የመሰለ አክታ። «ኢልቲሃብ ነው፣ ሳንባ» አለ፤ ሳንባው ቆስሏል ማለቱ ነው። ከዚያ የጠየቀኝ ዕድሜውን አይደለም፤ ሌላ በሽታ እንዳለበትም አይደለም።

«ጿሚ ነው?» አለኝ።

ሐበሻ ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ ግን ጿሚ ነው አልኩት። ሳቀ። ዘንድሮ የእነሱ ረመዳንና የእኛ ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገጥመዋል። ከተማው ሁሉ አፉ ደርቋል፤ ማን ጾሞ፣ ማን አጥቶ እንደሆነ አይለይም።

ለጿሚ የሚሰጠው የታወቀ ነው፤ አዚትሮማይሲን፣ ሦስት ፍሬ፣ በቀን አንድ። «ጾሙን ሲፈታ ይዋጣት፣ ኸላስ፣ በቃ።» ከኋላው አሞክሳሲሊን ተደርድሯል። እሱስ? አልኩት። «እሱ በቀን ሦስቴ ነው። በጾም ማን ይውጠዋል?» እኔም ደስ ብሎኝ ተቀብዬ መጣሁ። እንግዲህ ሁለት ሃይማኖት ተስማምቶ መድኃኒት መረጠልን።

ጌታሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋጣትና «ይኼ ሰውዬ ጾም ያውቃል» አለ። ሳንባ ማወቁን የጠየቀ የለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ትኩሳቱ እንዳለ ነው። በግቢያችን ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው ጠፋ።

ከኋላ ክፍል ተከራይተው ያሉት ልጆች፣ ሊቢያ ሊሻገሩ ጉልበት ሥራ የሚሠሩት፣ ከበሩ ቆመው ተሟገቱ። አንደኛው ቀይና ጥቁሩ ካፕሱል ነው የሚያድን ይላል። ሌላው ያ ለቁስል ነው፣ ለደረት ያቺ ትልቋ ነጭ ናት ይላል። ሦስተኛው መተማ ላይ ታሞ መርፌ ተወግቶ በማግስቱ ተነሳ፤ ምን መርፌ እንደነበር አያውቅም። ቀለም በቀለም እያወዳደሩ ሲከራከሩ ስለ ኳስ ተጫዋች የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። ጌታሁን ከአልጋው ሆኖ ያዳምጣል። ልጆቹን ሂዱልኝ አልኳቸው፤ ከዚያ ቆጨኝ። እነሱም ቢሆኑ የሚጠይቃቸው የለም።

ጎረቤታችን ሐጃ ሱዓድ ማዲዳ ልካለች። አጥሚት ነው፣ ተምርና ወተት ያለበት። ጌታሁን «ወተት አለው» አለና ፊቱን አዞረ። ሐጃዋ ጾም ውላ፣ ለራሷ ሳትቀምስ ለበሽተኛ የሠራችው ነው። እኔ ጠጣሁት። እኔም እጾማለሁ፣ ግን ሳህኑን ሙሉውን እንዴት አድርጌ እመልስላታለሁ?

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ሦስተኛዋንም ዋጠ። ምንም።

አክታው ውስጥ ደም አየሁ። እሱ አላየሁም ይላል። ሌሊት «በሩን ዝጊው፣ እየገቡ ነው» አለኝ። ማንም አልነበረም።

ዓርብ፣ የካቲት 20

አንዲት ዱክቱራ፣ ሴት ሐኪም፣ በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ በሽተኛ ታያለች ተባለ። በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ጭኜ ወሰድኩት። ረክሻው ጉድጓድ ሲገባ ሁሉ ጎኑን ይዞ ዓይኑን ይጨፍናል።

ዱክቱራ ኢብቲሳም ትባላለች። ቀጭን፣ ድካሟ ከፊቷ የማይወርድ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሁንም የልጆች ሒሳብ ተጽፎበታል። ጀርባውን አስገልጣ አዳመጠች፣ ትንፋሹን ቆጠረች፣ ከዚያ የቀኙን ሳንባ ታች በጣቷ አሳየችኝ። «እዚህ ጋ አየር አይገባም።» የሳንባ ምች ነው። ምን ሰጥተሽዋል? አለችኝ። አሳየኋት።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አዚትሮማይሲን መጥፎ አይደለም አለች። ሰውነት ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል፣ ለዚህ ነው በቀን አንዴ የሚበቃው። ነገር ግን በዚህ ጦርነት ጊዜ ሐኪም ስላልነበረ ሰው ሁሉ ለሳል፣ ለጉሮሮ፣ ለሆድ እሱን ሲውጥ ከርሟል። ተዋሲያኑ ለምደውታል። ለዚህ ሳንባ የምትሰጠው አሞክሳሲሊን ነው፣ በርከት ተደርጎ፣ በቀን ሦስቴ። ቶሎ ከደም የሚወጣ መድኃኒት ስለሆነ ሰዓቱ መራራቅ የለበትም። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ።

ጌታሁን አቋረጣት። «በቀን አንዴ የሚዋጥ ጠንካራ የለም?»

አለ፣ አለችው፣ ሌቮፍሎክሳሲን። ግን አልሰጥህም። ከሳሉ በታች ቲቢ ካለ ይኼ መድኃኒት ለጊዜው ያለባብሰዋል፣ በኋላ ሲገለጥ ከባድ ይሆናል። አክታህን የምመረምርበት ላቦራቶሪ ቢኖረኝ ኖሮ ሌላ ነገር ነው፤ ማይክሮስኮፑን እንኳ ዘርፈውታል። ዶክሲሳይክሊን የሚባልም አለ፣ በቀን ሁለቴ፣ እሱንም ለክፉ ቀን አስቀምጠነዋል። መጀመሪያ ይኼን በሥርዓቱ ዋጥ። ካልሠራ ቀጥሎ መርፌ ነው፣ መርፌው ደግሞ እዚህ ማፊ፣ የለም።

ማፊ ስትል ወደ እኔ ነው ያየችው። ገብቶኛል። ይኼ ካልሠራ እሱም የለም ማለት ነው።

ከሰይደሊያው ስቀበል ሰውየው ሊያስደስተኝ ፈልጎ ካፕሱሉን እያሳየ «ሽፋኑ ሐላል ነው፣ ከከብት ነው እንጂ ከአሳማ አይደለም» አለኝ። እኔ ሞኟ ቤት ገብቼ ይኼንኑ ለጌታሁን ነገርኩት። ለወሬ ብዬ።

«ከከብት? በጾም?» አለ።

አሁን እየከፈተ ዱቄቱን በውሃ ይጠጣል፣ ሽፋኑን ይጥላል። ይሁን። ግን የመጀመሪያዋን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የዋጣት። ሦስቴ የተባለውን ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ባለው ውስጥ ጠቅጥቆ ሊጨርስ ነው። ዱክቱራዋ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ብላለች ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ። «ያለ ንስሐ አባቴ ፈቃድ ጾሜን አልሽርም» አለ። ልጅ እያለ ዲያቆን ነበር፤ ዲቁናው ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ግግምናው ብቻ ነው የቀረለት።

ጎድጓዳ ሳህን ወርውሬ ሰበርኩ። አንድ የቀረን ሳህን ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ቅዳሜ ይባረክ። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም፣ ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ ነው። ስለዚህ ጌታዬ ጠዋት ፉል በዘይት በላ፣ መድኃኒቱን ዋጠ፣ ቀትር ላይ ዋጠ፣ ማታ ዋጠ። ያለ ጭቅጭቅ። እንደ በግ።

ሳንባው የሰንበት ሳንባ ይመስል።

እሑድ፣ የካቲት 22

ላብ አጠመቀው፣ ከዚያ ቀዘቀዘ። ከነጋ ግንባሩን ስንቴ እንደነካሁ። ቀዝቃዛ ነው። ተነስቶ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ፣ የተከራዮቹን ልጆች የተሰበረ የበር ቁልፍ እያገላበጠ አየ፣ «ይኼን ማን ነው የበየደው፣ እጁ ይቆረጥ» አለ። መሳደብ ጀመረ ማለት ዳነ ማለት ነው።

ሐጃ ሱዓድ ከአጥሩ ማዶ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀን ተኝቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 23

ጠዋት ውሃና መድኃኒት ይዤ ገባሁ። «ዛሬ ሰኞ ነው» አለ።

ሰኞ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ለመንኩት። የታመመ ጾም የለበትም፣ አንተው ራስህ ለስንት ሰው ስትናገር ሰምቻለሁ አልኩት። «አዎ፣ የንስሐ አባቱ ሲፈቅድለት» አለ። የንስሐ አባታችን አባ ኃይለ ሚካኤል ናቸው፤ ውጊያው ሲጀመር ወደ ገዳሪፍ ሄዱ። መኪናው ላይ ሊወጡ ሲሉ የጌታሁንን ራስ ይዘው «ጾሟን ጠብቃት» አሉት። ይኸው ነው እንግዲህ። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል፣ ቄስ የሚባል በአካባቢው የለም፣ እሱ ግን የሄዱትን ሰው ቃል ከቆምኩት ከእኔ ቃል አብልጦ ይዟል።

አባን እኔም እወዳቸዋለሁ። ልጃችንን ማርታን የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ሌላ ዘመድ አልነበረኝም። አፈር ሲመለስ እጄን ይዘው የቆሙት፣ ከዚያም በኋላ አርባዋንም ዓመቷንም ያልረሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲሄዱ ለጌታሁን «እሳቸው ካሉ እኔም አለሁ» ብዬዋለሁ። ሩቅም ቢሆኑ፣ በሕይወት እስካሉ ድረስ ማርታን የሚያስታውስልኝ ሰው አለ ማለቴ ነው።

እሺ፣ ፈቃድ ነው የቸገረህ? ፈቃዱን አመጣልሃለሁ አልኩ። ስልኩ ሺበካ፣ ኔትወርክ፣ ካጣ ከርሟል። ገበያው ዳር በሳተላይት ኢንተርኔት የሚያከራይ ልጅ ጋ ሄጄ ተሰለፍኩ። የአባን ቁጥር ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። ለእትዬ ብርቄ በድምፅ ላኩላት፤ ቤተ ክርስቲያን ምግብ ታበስል የነበረችው፣ ከአባ ጋር አብራ የሄደችው። «እባክሽ አባን አገናኚኝ፣ ጌታሁን ሊሞትብኝ ነው፣ አንድ ቃል ይበሉት» አልኳት። ሰው እየሰማ አለቀስኩ። ያፍራል እንዴ ሰው እዚህ አገር? ሁሉም እንደኔ ሊያለቅስ ነው የተሰለፈው።

ቤት ስመለስ አዲስ ጉድ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሞክሳሲሊኑን ትቶ ከተከራዮቹ ልጆች ዶክሲሳይክሊን ተቀብሏል። አንዱ ከጉዞ ስንቁ አውጥቶ ሰጠው። «ዱክቱራዋ ራሷ ጠቅሳዋለች፤ ሁለቴ ነው፣ አንዱን ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዱን ስተኛ። ጾሙም አይሻርም፣ መድኃኒቱም አይቋረጥም» አለኝ፤ በራሱ ብልሃት ኮርቶ። እሷ አስቀምጠነዋል ብላ የለም ወይ? እሱ ይኼን አልሰማም። የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

የማታዋን ዶክሲ እንደ ሌላው ከፍቶ፣ ዱቄቷን ምላሱ ላይ ነስንሶ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ አውርዶ ጋደም ብሎ ነበር። ሌሊት ደረቴ መሃል እሳት አለ ብሎ ተነሳ። ጠዋት ምራቁን መዋጥ አቃተው። ትኩሳቱ ተመልሷል። ጥፍሩን አየሁት፣ ጠቁሯል።

ወደ ዱክቱራዋ ሮጥኩ፣ እሱን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። ስነግራት ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። ዶክሲ እኮ ጥሩ መድኃኒት ነው አለች፤ ግን ተቀምጦ፣ በብዙ ውሃ፣ ሳይከፈት ነው የሚዋጠው። ጋደም ካሉበት መንገድ ላይ ይቀርና ጉሮሮን ያቃጥላል። አሞክሳሲሊኑ አያቃጥልም፤ እሱን እየከፈትሽ በውሃ በጥብጪለት። ከዛሬ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ፣ ሰባት ቀን፣ እስከ ሰኞ ማታ፣ አንድም ሳትዘሉ። «በአንድ ሳንባ ላይ ሦስት መድኃኒት ሞክራችሁ የሚያድነውን አልጨረሳችሁም» አለችኝ። ምን እላታለሁ? የእሱ አምላክ በቀን አንዴ ነው የሚፈልገው ልበላት?

በእግሬ ተመለስኩ። ኢንተርኔት ቤቱ ጋ ስደርስ መልስ አለ? አልኩት። የለም። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው። ገና አምስት ሰዓት። ለዘጠኝ ሰዓት አራት ሰዓት ይቀራል፣ እሱ ደግሞ ትንፋሹን ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ይመስላል።

በሩ ላይ ስደርስ ወሰንኩ። ገባሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

«አባ ተገኙ» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ምን አሉ?»

«መድኃኒት ምግብ አይደለም አሉ። በታዘዘልህ ሰዓት ሁሉ ውሰድ፣ እህልም ቅመስ። ፈቅጃለሁ አሉ።» ከአፌ ሲወጣ ያነሰ መሰለኝና ጨመርኩ። «ሚስትህን ስማ አሉ።»

«ሚስትህን ስማ አሉ?»

«አዎ።»

በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ከዚያ «አምጪው» አለኝ። በጥብጬ ሰጠሁት። በእያንዳንዱ ጉንጭ ፊቱን እያጨማደደ ጨረሰው። ደረቱ ላይ የፈሰሰውን ውሃ በተከናነብኩት ቶብ ጫፍ ጠረግኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። የጾም ቀን ነው፣ ረቡዕ ነው፣ በላ። ሾርባ ብቻ ነው የሚወርድለት፣ ምስር።

በጾም፣ በቄስ ስም ዋሸሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። እህል ከአፌ አይወርድም። የእሱ የተቃጠለው ጉሮሮ ሾርባ አሳለፈ፣ የእኔ ጤነኛው ዘጋ። አባ አንድ ቀን ሲሰሙ ምን ይሉኛል? ስሜን ጠርተው ይረግሙኛል? አይ፣ አይረግሙም። ዝም ብለው ያዩኛል። እሱ ይከፋል።

በዚያ ላይ ተናደድኩበት። የዱክቱራዋን ቃል፣ የእኔን እንባ፣ የራሱን ደም አይቶ ያልተንቀሳቀሰ ሰው፣ አንድ የውሸት ቃል ስሰጠው አፉን ከፈተ። ሃያ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሴትዮ ማን ነኝ እንግዲህ?

ትኩሳቱ ማታ ትንሽ ወርዷል።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ትንፋሹ ረዝሟል። ተቀምጦ ዋጠ። የጥፍሩ ቀለም ተመልሷል፣ ወይም እኔ እንደዚያ ማየት ፈልጌ ነው።

እትዬ ብርቄ እንዳትመልስልኝ ጸለይኩ። ባለፈው ሰኞ እንድትመልስ ነበር የጸለይኩት። እግዚአብሔር እኔን መስማት ሰልችቶት ይሆናል።

ዓርብ፣ የካቲት 27

ጠዋት መድኃኒቱን ሰጥቼው ወጣሁ። ላለመሄድ ብዙ አሰብኩ፣ ግን እግሬ ወሰደኝ። ኢንተርኔት ቤት ደርሼ ስልኩን ስከፍት የእትዬ ብርቄ ድምፅ ገብቷል። ረክሻ እየጮኸ፣ ሰው እየተገፋፋ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማኋት።

«ጥሩዬ፣ እንዴት ነሽ እህቴ። ጌታሁን ታመመብኝ ብለሽ ደነገጥኩ። አባንማ ከየት ላምጣልሽ? አባ እኮ ካረፉ ቆዩ። በገና ሰሞን ነው፣ ያው ስኳሩ ነው። ያኔውኑ ለጌታሁን መርዶውን በሰው ልከንለታል። እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብሎን ነበር፤ አልነገረሽም እንዴ?»

ሁለቴ ሰማሁት። ልጁ «እትዬ፣ ተራ አለ» አለኝ። ወጥቼ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። አልተቀመጥኩም፤ አቧራው ቶቤን ያበላሸዋል ብዬ አሰብኩ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ይኼን ነው።

ቤት ስገባ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ ነበር፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ። ገና ሳልናገር ፊቴን አይቶ አወቀ።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«ከገና ጀምሮ።»

«ከገና ጀምሮ።»

ጮህኩበት። ልጆቹ ከኋላ ክፍል ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ። የሞተ ሰው ፈቃድ አምጪ ብለህ ከተማ ለከተማ አሯሯጥከኝ አልኩት። የሌለ ሰው ካልፈቀደልኝ ብለህ ልትሞትብኝ ነበር አልኩት። ከዚያ ደግሞ ይኼን ሁሉ ቀን በውሸቴ ስቃጠል፣ እህል አልወርድ ሲለኝ፣ ዝም ብለህ አየኸኝ አልኩት። ሳል ያዘው፣ እስኪያበቃ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ቀጠልኩ።

ጨርሼ ስቀመጥ እንዲህ አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮው ገና ስላልዳነ፦

«ማርታን የቀበሩልን ሰው ሞቱ ብዬ በየትኛው አፌ ልንገርሽ? እሳቸው ካሉ አለሁ ብለሽኝ የለ? ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ጾም ገባ። ጾሙን ደግሞ ጠብቃት ብለውኝ ነው የሄዱት። ከእሳቸው የቀረኝ እሱ ነው። ፈቺልኝ ብልሽ አንቺ አትፈቺልኝ፣ የሚፈታልኝ ደግሞ የለም።»

«ታዲያ ማክሰኞ ለምን ዋጥክ? መዋሸቴን እያወቅክ?»

የተሰበረውን ቁልፍ ከጎኑ አንስቶ አገላበጠው።

«በጾም፣ በአባ ስም ስትዋሺ አየሁሽ» አለ። «አንቺ። ጎረቤት ጨው ስትለምንሽ እያለሽ የለኝም ማለት የሚያቅትሽ ሴትዮ። ማርታ በታመመች ጊዜ እንኳ እንደዚያ ፈርተሽ አላየሁሽም። ይቺ ሴት እንዲህ ከፈራች እውነትም እየሞትኩ ነው ማለት ነው አልኩ።»

አለቀስኩ። መጀመሪያ ለእሱ መስሎኝ ነበር፣ ለአባ ነው። ይኼን ያህል ጊዜ አፈር ውስጥ ሆነው እኔ በሕይወት አሉ ብዬ ስጽናና። እሱ እንባዬን አየ። የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ወደ እኔ ወረወረ። ይቅር አላልኩትም። ብርድ ልብሱን ግን ያዝኩት።

ቀትር ሆነ። ተነስቼ ካፕሱሉን ከፍቼ በጠበጥኩና አቀረብኩለት። አሁን ምን ይላል ብዬ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ውሸቱ ተገልጧል፣ ዓርብ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው። ብርጭቆውን ተቀበለኝና ሳይጠጣ ያዘው።

«ዱክቱራዋ እስከ መቼ ነው ያለችው?»

«እስከ ሰኞ ማታ።»

«ነገና ከነገ ወዲያ ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ችግር የለም» አለ። አሰበ። «ሰኞ ጠዋት ደግመሽ ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«አባ ፈቅደዋል በይኝ።»

ከዚያ ብርጭቆውን አንስቶ የቀትሩን ጠጣው።